የኮርኒስ ማራገቢያና መብራቱ ለየማብሪያቸው፦ ከግድግዳው በስተጀርባ ያለው ፊዚክስ

ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቆረቆረችው አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ከኮርኒስ ማራገቢያ ጋር እምብዛም ጉዳይ የለውም። ወደ ድሬዳዋ፣ ወደ ጋምቤላ፣ ወደ ሰመራ ወይም ወደ መተማ የወረደ እንደሆነ ግን በየሆቴሉ፣ በየቢሮውና በየመኖሪያ ቤቱ ኮርኒስ መሐል ተንጠልጥሎ የሚሽከረከረው መሣሪያ የቅንጦት ዕቃ አለመሆኑን ቶሎ ይረዳል። ከእነዚህ ማራገቢያዎች ብዙዎቹ ከሥራቸው አንድ ወይም ከዚያ በላይ አምፖል የሚያቅፍ መብራት አላቸው። አንድ ዕቃ ሁለት ሥራ ይሠራል ማለት ነው።

ይሁንና ሁለቱም በአንድ ማብሪያ ማጥፊያ የሚታዘዙ ከሆነ ችግር ይከተላል። ሌሊት በሙቀት የተነሣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነፋሱን ከፈለገ መብራቱንም አብርቶ ማደር ግድ ይሆንበታል። መፍትሔው ለማራገቢያውና ለመብራቱ በግድግዳው ላይ የየራሳቸውን ማብሪያ መስጠት ነው። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፤ አንድ ሽቦ መጨመር ብቻ ይመስላል። ነገር ግን በዚህች ትንሽ ሥራ ውስጥ በሁለተኛ ደረጃ የፊዚክስ መማሪያ መጻሕፍት ተበታትነው የምናገኛቸው በርካታ ጽንሰ ሐሳቦች ማለትም ትይዩ ዑደት፣ ተለዋዋጭ ጅረት፣ የሚዞር መግነጢሳዊ መስክና ካፓሲታንስ በአንድነት ይገናኛሉ። ከዚህም በላይ፣ መሰላል ላይ ቆሞ አምፖል የሚቀይር ሰው ሕይወት በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፦ ማብሪያውን ስናጠፋ የትኛው ሽቦ ተቆረጠ? የትኛውስ አልተቆረጠም? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ መመለስ ነው። ጽሑፉ አንባቢው ራሱ መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦ እንዲቀጥል አይጋብዝም፤ ሥራው የሠለጠነ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ዳሩ ግን ትክክለኛውን ጥያቄ መጠየቅ የሚችል የቤት ባለቤት ለባለሙያውም ለራሱም ይጠቅማል።

ማራገቢያ ክፍልን አያቀዘቅዝም

በቅድሚያ ሁለቱን መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ እንመልከት። ማራገቢያ አየርን ያንቀሳቅሳል እንጂ የአየሩን ሙቀት አይቀንስም። እንዲያውም አንድ 75 ዋት የሚወስድ ማራገቢያ ከመስመሩ የሚቀበለው ጉልበት በሞተሩ ሙቀትና በአየሩ ሰበቃ አማካይነት ውሎ አድሮ ወደ ሙቀት ይለወጣል። በተዘጋ ባዶ ክፍል ውስጥ ሲሽከረከር የሚውል ማራገቢያ ክፍሉን በጥቂቱ ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም። እኛን የሚያቀዘቅዘን በቆዳችን ዙሪያ ያለውን ሞቃትና እርጥበት ያዘለ ስስ የአየር ሽፋን ጠርጎ ስለሚወስድና ላባችን ቶሎ እንዲተን ስለሚያደርግ ነው። አንድ ግራም ላብ ከቆዳ ላይ ሲተን 2,400 ጁል ገደማ ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

እንግዲህ ማራገቢያ የሚጠቅመው ከሥሩ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። መብራት ደግሞ የሚጠቅመው ጨለማ ሲሆን ብቻ ነው። እነዚህ ሁለት ጊዜያት ሁልጊዜ አይገጣጠሙም፦ እኩለ ቀን ላይ ነፋስ እንጂ መብራት አያስፈልግም፤ ቀዝቀዝ ባለ ምሽት መብራት እንጂ ነፋስ አያስፈልግም። በማራገቢያው ላይ ሦስት ባለ 60 ዋት የድሮ አምፖሎች ቢኖሩ በድምሩ 180 ዋት ይወስዳሉ። ይህም ማራገቢያው ራሱ ከሚወስደው ከእጥፍ በላይ ሲሆን፣ ከብርሃንነት ይልቅ አብዛኛው በሙቀት መልክ የሚወጣ ነው። ሁለቱን በአንድ ማብሪያ ያሠረ ሰው በእኩለ ቀን ሙቀት ማቀዝቀዣና ማሞቂያ በአንድ ጊዜ እንደከፈተ ይቆጠራል።

ፌዝ፣ ኒውትራልና የመሬት ሽቦ

ከቆጣሪው ወደ ክፍሎቻችን የሚገቡት ሽቦዎች ሦስት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ባለሙያዎች ፌዝ የሚሉት ነው። በአገራችን የቤት መስመር ላይ ፌዙ ከመሬት አንጻር 220 ቮልት አለው፤ አቅጣጫውም በሰከንድ 50 ጊዜ ሙሉ ዑደት እየሠራ ይቀያየራል። 220 ቮልት የምንለው ውጤታማ (አር.ኤም.ኤስ.) ዋጋውን የሚገልጽ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ዑደት ጫፍ ላይ ቮልቴጁ 311 ገደማ ይደርሳል። ሁለተኛው ኒውትራል ነው። ይህ ሽቦ በትራንስፎርመሩ በኩል ከመሬት ጋር የተገናኘ በመሆኑ በደኅና መስመር ላይ ቮልቴጁ ለዜሮ የቀረበ ነው፤ ሥራውም ጅረቱን ወደ መጣበት መመለስ ነው። ሦስተኛው የመሬት ሽቦ ነው። ይህኛው በደኅና ጊዜ ምንም ጅረት አይሸከምም። የማራገቢያው የብረት አካል በስሕተት ከፌዝ ጋር ቢነካካ ጅረቱ በሰው አካል ሳይሆን በእርሱ በኩል እንዲያልፍና ብሬከሩ እንዲወርድ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ዘበኛ ነው።

ጅረት እንዲፈስ ከፌዝ ተነሥቶ በመሣሪያው አልፎ ወደ ኒውትራል የሚደርስ ያልተቋረጠ መንገድ ያስፈልጋል። ማብሪያ ማለት በዚህ መንገድ ላይ የሚከፈትና የሚዘጋ በር ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ፦ መንገዱ በየትኛውም ቦታ ቢቋረጥ መሣሪያው ይቆማል። ማራገቢያው ቆመ ማለት ግን በውስጡ ቮልቴጅ የለም ማለት አይደለም።

አንድ ምንጭ፣ ሁለት መንገድ

ከአንድ ቦይ ውኃ የሚጠጡ ሁለት ማሳዎችን እናስብ። ከዋናው ቦይ ሁለት ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ አፍ ላይ መዝጊያ አለ፤ ከሁለቱም ማሳ የተረፈው ውኃ በአንድ ማፋሰሻ ወደ ወንዙ ይመለሳል። አንዱን መዝጊያ መክፈትና መዝጋት ሌላውን ማሳ አያውከውም። የማራገቢያውና የመብራቱ ዑደት አሠራርም ይኸው ነው። ዋናው ቦይ ፌዝ፣ መዝጊያዎቹ ሁለቱ ማብሪያዎች፣ የጋራው ማፋሰሻ ደግሞ ኒውትራል ነው። በፊዚክስ ቋንቋ ሁለቱ መሣሪያዎች በትይዩ ተገናኝተዋል እንላለን። በትይዩ ዑደት ላይ እያንዳንዱ መሣሪያ ሙሉውን 220 ቮልት ያገኛል፤ የሚፈልገውንም ጅረት ብቻ ይወስዳል።

ጅረቱን እናስላ። 75 ዋት ለ220 ሲካፈል ለማራገቢያው 0.34 አምፔር ገደማ ይሰጠናል። 10 ዋት የሆነ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖል ደግሞ 0.05 አምፔር አይሞላም። ሁለቱ አብረው ቢሠሩ በጋራው ኒውትራል የሚመለሰው ጅረት ከ0.4 አምፔር በታች ነው። ለመብራት መስመር የሚዘረጋው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ከዚህ ብዙ እጥፍ መሸከም ይችላል። ስለዚህ ተጨማሪ ሽቦ የምንጎትተው ያለው ሽቦ ጅረቱ ከብዶት ሳይሆን ለእያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ መቆጣጠሪያ ለመስጠት ነው።

አሁን ሽቦዎቹን እንቁጠር። በኮርኒሱ አጠገብ ካለው የማገናኛ ሳጥን ወደ ግድግዳው ማብሪያ የሚወርደው አንድ ፌዝ ነው። በባለ ሁለት ቁልፍ ማብሪያው ውስጥ ይህ ፌዝ በአጭር ሽቦ ድልድይነት ለሁለቱም ቁልፎች ይዳረሳል። ከእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ አንድ የመመለሻ ሽቦ ወደ ላይ ይወጣል፤ አንዱ ለማራገቢያው፣ ሌላው ለመብራቱ። ስለዚህ በሳጥኑና በማብሪያው መካከል ሦስት ሽቦዎች ይኖራሉ። ከሳጥኑ ወደ ማራገቢያው የሚሄዱት ደግሞ አራት ናቸው፦ ሁለቱ ከማብሪያ የተመለሱ ፌዞች፣ አንድ የጋራ ኒውትራልና አንድ የመሬት ሽቦ። ሦስት ወደ ታች፣ አራት ወደ ጎን፤ ይህን ቁጥር የያዘ ሰው የተሠራለትን ሥራ ቢያንስ በቁጥር ሊመረምር ይችላል።

ማብሪያው የትኛውን ሽቦ ይቁረጥ?

ከላይ እንደተባለው መንገዱ በፌዝ በኩልም ሆነ በኒውትራል በኩል ቢቋረጥ አምፖሉ ይጠፋል። ከውጭ ሲታይ ሁለቱ አንድ ናቸው። ከደኅንነት አንጻር ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

ማብሪያው ፌዙን የሚቆርጥ ከሆነ፣ ሲጠፋ ከማብሪያው ወዲያ ያለው ሽቦ፣ የአምፖሉ እቅፍና አምፖሉ ራሱ ከኒውትራል ጋር ብቻ የተገናኙ ይሆናሉ። ማብሪያው ኒውትራሉን የሚቆርጥ ከሆነ ግን አምፖሉ ቢጠፋም እቅፉ በሙሉ 220 ቮልት እንደያዘ ይቆያል። የቀረው ነገር መንገዱን የሚያሟላ አካል ብቻ ነው። የአንድ እጁ ጣት የእቅፉን ብረት የነካ፣ ሌላው እጁ ደግሞ የብረት መሰላል የያዘ ሰው ያንን የጎደለ መንገድ ያሟላል።

የሚያልፈው ጅረት ምን ያህል ነው? የሰው አካል ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ እንደ ቆዳው ርጥበትና እንደ ንክኪው ስፋት ይለያያል። 1,500 ኦም ብለን ብንወስድ 220 ለ1,500 ሲካፈል 0.15 አምፔር፣ ማለትም 150 ሚሊ አምፔር ይሆናል። ከ10 ሚሊ አምፔር ገደማ ጀምሮ ጡንቻ ስለሚኮማተር እጅ የያዘውን መልቀቅ ሊያቅተው ይችላል፤ ከ30 ሚሊ አምፔር በላይ የሆነ ጅረት በደረት በኩል ጥቂት ከቆየ የልብን ምት ሊያዛባ ይችላል። የመብራቱ ብሬከር ግን 10 አምፔር ላይ የሚሠራ ነው። 0.15 አምፔር ለእርሱ ምንም አይደለም። ብሬከር ሽቦን ከእሳት ይጠብቃል እንጂ ሰውን ከኤሌክትሪክ አደጋ ለመጠበቅ አልተሠራም። ሰውን ለመጠበቅ የሚገጠመው አር.ሲ.ዲ. የሚባለው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ በፌዝ የሄደውንና በኒውትራል የተመለሰውን ጅረት ያነጻጽራል፤ ልዩነቱ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ መስመሩን በቅጽበት ይቆርጣል። ልዩነት ተፈጠረ ማለት ጅረቱ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በሰው አካል በኩል፣ እየሾለከ ነው ማለት ነውና።

በሁለት ማብሪያ የተከፈለ ማራገቢያ ሌላም ወጥመድ አለው። የመብራቱን ቁልፍ አጥፍቶ አምፖል የሚቀይር ሰው የማራገቢያው ቁልፍ ክፍት ከሆነ በዚያው ጠባብ ሳጥን ውስጥ በሕይወት ያለ ፌዝ ከእጁ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ርቆ ይገኛል። ስለዚህ ሽፋኑን ለመክፈት የአንዱን ቁልፍ ማጥፋት በቂ አይደለም፤ ሁለቱን ቁልፎች ማጥፋትም በቂ አይደለም። መጥፋት ያለበት ብሬከሩ ነው።

የአሮጌ ቤት ፈተና

አዲስ ቤት ሲሠራ ሦስትና አራት ሽቦ በኮንዲዩት ውስጥ ማሳለፍ ቀላል ነው። ፈተናው ቀድሞ አንድ አምፖልና አንድ ማብሪያ ብቻ በነበረው ክፍል ላይ ነው። እዚያ ወደ ማብሪያው የሚወርዱት ሽቦዎች ሁለት ናቸው፤ ሦስተኛው የለም። ትክክለኛው መንገድ ሦስተኛ ሽቦ በዚያው ኮንዲዩት ውስጥ መሳብ ነው። ኮንዲዩቱ ጠቦ ወይም በስሚንቶ ተደፍኖ ሽቦ አላሳልፍ ሲል ግን ሁለት አቋራጮች ሰውን ያባብሉታል።

የመጀመሪያው አቋራጭ የመሬቱን ሽቦ እንደ ፌዝ መመለሻ ወይም እንደ ኒውትራል መጠቀም ነው። ማራገቢያው ይሽከረከራል፤ መብራቱም ይበራል። ነገር ግን ዘበኛው ሽቦ ከጥበቃው ተነሥቶ ሌላ ሥራ ተሰጥቶታል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የማራገቢያው የብረት አካል ጠባቂ የለውም፤ ይባስ ብሎም በሌላ ባለሙያ ዓይን መሬት የሚመስለው ሽቦ ፌዝ ተሸክሞ ይገኛል።

ሁለተኛው አቋራጭ ለአዲሱ ማብሪያ የሚሆን ፌዝ በቅርብ ካለ ሶኬት መውሰድ ነው። ሶኬቱ የሚመገበው ከሌላ ብሬከር ነው። እንግዲህ የመብራቱን ብሬከር ያጠፋ ሰው «መስመሩን ገደልኩት» ብሎ ሲያምን፣ በኮርኒሱ ሳጥን ውስጥ የማራገቢያው ፌዝ ሕያው ነው። ቤቱ ሦስት ፌዝ የገባለት ከሆነና ሁለቱ ብሬከሮች በተለያየ ፌዝ ላይ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ የከፋ ነው። የሦስቱ ፌዞች ሞገድ አንዱ ከሌላው በአንድ ሦስተኛ ዑደት ስለሚዘገይ፣ በማናቸውም ሁለት ፌዞች መካከል ያለው ቮልቴጅ 220 ሳይሆን 380 ነው። በአንድ ጠባብ ሳጥን ውስጥ 380 ቮልት ተጎራብቷል ማለት ነው።

በዚህ ሁኔታ ላይ የጋራው ኒውትራል ቢላላ ወይም ቢበጠስ ምን ይሆናል? ማራገቢያውና መብራቱ ከትይዩነት ወጥተው በሁለቱ ፌዞች መካከል ተከታትለው ይሰለፋሉ። ሁለቱንም እንደ ተራ ተቃውሞ ብንቆጥራቸው፣ የ75 ዋቱ ማራገቢያ ተቃውሞ 220 × 220 ÷ 75፣ ማለትም 645 ኦም ገደማ ነው፤ የ10 ዋቱ አምፖል ደግሞ 4,840 ኦም። በተከታታይ ዑደት ቮልቴጅ የሚከፋፈለው በተቃውሞ መጠን ስለሆነ፣ ከ380 ቮልቱ ውስጥ 335 ያህሉ በአምፖሉ ላይ ያርፋል። አምፖሉ ወዲያውኑ ይቃጠላል። እውነተኛ አምፖልና ሞተር ተራ ተቃውሞ ስላልሆኑ ቁጥሩ በመጠኑ ይለያይ ይሆናል፤ አቅጣጫው ግን አይለወጥም፦ አነስተኛ ኃይል የሚወስደው መሣሪያ አብዛኛውን ቮልቴጅ ይሸከማል።

እነሆ ሕጉ አጭር ነው። የማራገቢያው ፌዝና የመብራቱ ፌዝ ከአንድ ብሬከር ይውጡ፤ ኒውትራላቸውም የዚያው ብሬከር መስመር ኒውትራል ይሁን።

የሽቦ ቀለምን በተመለከተም ማስጠንቀቂያ አለ። በዓለም አቀፉ ልማድ ቡናማ ፌዝ፣ ሰማያዊ ኒውትራል፣ አረንጓዴና ቢጫ የተዥጎረጎረው ደግሞ የመሬት ሽቦ ነው። በአሮጌ ቤቶች ቀይ ፌዝ፣ ጥቁር ኒውትራል ሆኖ ይገኛል። ለአሜሪካ ገበያ በሚሠሩ የኮርኒስ ማራገቢያዎች ላይ ግን ጥቁሩ የማራገቢያው ፌዝ፣ ሰማያዊው የመብራቱ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል መሆኑ የተለመደ ነው። በአንዱ ልማድ ኒውትራል የሆነው ቀለም በሌላው ፌዝ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ የላከው ማራገቢያ ከዚህም ሌላ የተሠራው ለ120 ቮልትና ለ60 ኸርዝ ነው፤ ያለ ተስማሚ ትራንስፎርመር በ220 ቮልት ላይ ቢሰካ ቮልቴጁ ከተገቢው ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ሞተሩ ይቃጠላል። ቀለም የሠሪው ቃል ኪዳን ነው፤ ማረጋገጫው ግን መለካት ነው።

ሞተሩ ከአምፖል በምን ይለያል?

ብዙ ሰው የመብራት ማደብዘዣ በማራገቢያው ላይ ቢገጥም ፍጥነቱን ይቆጣጠርልኛል ብሎ ያስባል። ይህን ለመመርመር ሞተሩ ለምን እንደሚዞር ማወቅ ያስፈልጋል።

ጣሊያናዊው የፊዚክስ ሊቅ ጋሊሌዎ ፌራሪስ በ1885፣ ኒኮላ ቴስላም በበኩሉ በተመሳሳይ ዓመታት፣ ተለዋዋጭ ጅረት የሚዞር መግነጢሳዊ መስክ ሊፈጥር እንደሚችል አሳይተዋል። ምሥጢሩ ሁለት ጥቅል ሽቦዎችን በማዕዘን አስቀምጦ፣ የአንዱ ጅረት ከሌላው በሩብ ዑደት እንዲቀድም ማድረግ ነው። በአንድ ጥቅል ብቻ የሚፈጠር መስክ በአንድ መስመር ላይ ይወጠራል፣ ይላላል፣ ይገለበጣል እንጂ አይዞርም። ቤታችን የሚገባው አንድ ፌዝ ስለሆነ ሁለተኛውን፣ ቀዳሚውን ጅረት የሚሰጠን ካፓሲተር ነው። በኮርኒስ ማራገቢያ ውስጥ ይህ ካፓሲተር አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ማይክሮ ፋራድ ገደማ ነው። ካፓሲተሩ ሲበላሽ ማራገቢያው ያጉረመርማል እንጂ አይነሣም፤ ክንፉ በእንጨት ገፋ ቢደረግ ግን ወደተገፋበት አቅጣጫ፣ በግራም ይሁን በቀኝ፣ ቀስ እያለ መዞር ይጀምራል። ይህም በአንድ መስመር የሚመላለስ መስክ ለሁለቱም አቅጣጫ እኩል እንደሆነ በዓይን የሚታይ ማስረጃ ነው።

እንዲህ ዓይነቱ ሞተር የሚዞረው ከመስኩ ፍጥነት ጥቂት ዘግየት ብሎ ነው። በ50 ኸርዝ ላይ 16 መግነጢሳዊ ዋልታዎች ያሉት ማራገቢያ መስኩ በደቂቃ 375 ጊዜ ይዞራል፤ ክንፎቹም ከዚያ በታች ይሽከረከራሉ። ቮልቴጁን ስንቀንስ የሞተሩ የማዞር አቅም በቮልቴጁ ካሬ ልክ ይቀንሳል፤ ቮልቴጁ በግማሽ ሲወርድ አቅሙ ወደ ሩብ ይወርዳል። በዚህም የተነሣ ክንፎቹ ይዘገያሉ። የግድግዳ ላይ ፍጥነት መቆጣጠሪያዎች በዚህ መርሕ ይሠራሉ። የድሮዎቹ በተቃውሞ አማካይነት ትርፉን ኃይል ሙቀት አድርገው ያባክኑት ነበር፤ የተሻሉት በካፓሲተር ይሠራሉ።

ተራው የመብራት ማደብዘዣ ግን በእያንዳንዱ ግማሽ ሞገድ መጀመሪያ ላይ ጅረቱን ዘግቶ በኋላ ድንገት ይለቃል። ለድሮው አምፖል ይህ ምንም አይደለም፤ የጋለው ክር በአንድ መቶኛ ሰከንድ ውስጥ አይቀዘቅዝምና። ለሞተር ግን የተቆራረጠ ሞገድ ማለት ጉርምርምታ፣ ተጨማሪ ሙቀትና የዕድሜ ማጠር ነው። የሁለት ማብሪያ ሌላው ጥቅም እዚህ ላይ ይገለጣል። ማራገቢያውና መብራቱ በአንድ ፌዝ ሽቦ የሚመገቡ ከሆነ የፍጥነት መቆጣጠሪያው የግድ መብራቱንም ይነካል፤ ነፋሱን ስንቀንስ መብራቱ ይደበዝዛል ወይም ይንቀጠቀጣል። ሽቦዎቹ ከተለያዩ ግን መቆጣጠሪያው በማራገቢያው መንገድ ላይ ብቻ ይቀመጣል። በቅርብ ዓመታት የተስፋፉት በኤሌክትሮኒክ ዑደት የሚነዱና በሪሞት የሚታዘዙ ማራገቢያዎች ፍጥነታቸውን ራሳቸው ስለሚመጥኑ ሙሉ ቮልቴጅ ይፈልጋሉ፤ በእነርሱ መንገድ ላይ የድሮ መቆጣጠሪያ መተው ዑደታቸውን ሊያበላሽ ይችላል።

የጠፋ አምፖል ለምን ያብለጨልጫል?

ማራገቢያውና መብራቱ ከተለያዩ በኋላ ብዙ ሰዎችን የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ሌሊት መብራቱ ጠፍቶ ማራገቢያው እየሠራ ሳለ የኤል.ኢ.ዲ. አምፖሉ እንደ ብናኝ ከዋክብት ደብዘዝ ብሎ ይበራል፤ ወይም በየጥቂት ሰከንዱ ብልጭ ይላል።

ምክንያቱ ሁለቱ የመመለሻ ሽቦዎች በአንድ ኮንዲዩት ውስጥ ጎን ለጎን በመሄዳቸው ነው። በፕላስቲክ የተለያዩ ሁለት ሽቦዎች ራሳቸው ካፓሲተር ናቸው። በአንድ ሜትር እስከ 100 ፒኮ ፋራድ ብንገምት፣ 10 ሜትር ርዝመት 1 ናኖ ፋራድ ይሆናል። በዚህ ካፓሲተር አማካይነት ከማራገቢያው ሕያው ፌዝ ወደ መብራቱ የተቋረጠ ሽቦ የሚሻገረው ጅረት 2 × 3.14 × 50 × 220 × 0.000000001፣ ማለትም 70 ማይክሮ አምፔር ገደማ ነው። ለድሮው አምፖል ይህ ኢምንት ነው፤ በኤል.ኢ.ዲ. አምፖሉ ውስጥ ያለው ካፓሲተር ግን ጠብታዋን እያጠራቀመ፣ በቂ ሲሆን ብልጭ ያደርጋታል።

ጠብታዋ ሰውን አትጎዳም። አደጋው ሌላ ቦታ ነው። ባለ ኒዮን ቴስተር ካቻቪቴ ለመብራት ጥቂት ማይክሮ አምፔር ይበቃዋልና አምፖሉ በወጣበት ሽቦ ላይ ቢነካ ሊበራ ይችላል። «ይህ የውሸት ቮልቴጅ ነው» ብሎ መናቅን የለመደ ሰው አንድ ቀን የእውነተኛውን ሽቦ ምልክት ይንቃል። ከዚህም ሌላ፣ ማብሪያው ኒውትራልን በሚቆርጥበት የተሳሳተ ዑደት ላይም የጠፋ አምፖል በተመሳሳይ መንገድ ሊያብለጨልጭ ይችላል። ስለዚህ የሚያብለጨልጭ አምፖል የፊዚክስ ጨዋታ ብቻ ነው ተብሎ አይታለፍ፤ ማብሪያው የትኛውን ሽቦ እንደሚቆርጥ በባለሙያ ይመርመር።

መሰላሉ ከመቆሙ በፊት

ከላይ የተዘረዘረው ሁሉ በጥቂት ተግባራዊ ልማዶች ይጠቃለላል። አንደኛ፣ ብሬከሩ ይጥፋ፤ ሌላ ሰው እንዳይመልሰውም ይነገር ወይም ይቆለፍ። ሁለተኛ፣ መለኪያው መጀመሪያ ሕያው መሆኑ በታወቀ ሶኬት ላይ ይሞከር፤ ቀጥሎ በኮርኒሱ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሽቦዎች ሁሉ፣ አንዱ ሳይቀር፣ ይለኩ፤ በመጨረሻም መለኪያው በዚያው ሶኬት ላይ እንደገና ይሞከር። በመሐል የሞተ መለኪያ ሁሉንም ሽቦ «የሞተ» ይላልና። ሦስተኛ፣ የመሬት ሽቦው ከማራገቢያው የብረት አካል ጋር መገናኘቱ ይረጋገጥ። አራተኛ፣ ማራገቢያው የሚንጠለጠለው በኮርኒሱ ስስ ጣውላ ላይ ሳይሆን በወራጁ ወይም በኮንክሪቱ ላይ በተተከለ ጠንካራ ማንጠልጠያ ይሁን፤ ጥቂት ኪሎ ግራም የሚመዝን ዕቃ በደቂቃ ከ300 ጊዜ በላይ እየዞረ ለዓመታት ሲንቀጠቀጥ የአምፖል ማንጠልጠያ አይችለውም። አምስተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ እያንዳንዱ ቁልፍ ለብቻው፣ ከዚያም ሁለቱ በአንድነት ይሞከሩ።

ማብሪያ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ የታዘዘው ግን የመንገዱን አንድ ቦታ እንዲከፍት ብቻ ነው። የቀረው የመንገዱ ክፍል ሕያው ይሁን ሙት ማብሪያው አይነግረንም። ያንን የሚነግረን የዑደቱ ንድፍ ነው፤ የሚያረጋግጥልን ደግሞ በእጃችን ያለው መለኪያ ነው።

ለአንባብያን የቀረቡ ጥያቄዎች

1. አንድ ሰው ማራገቢያውንና መብራቱን በስሕተት ከ220 ቮልት መስመር ጋር በተከታታይ ቢያገናኛቸው፣ ከላይ ባሉት ተቃውሞዎች መሠረት ማራገቢያው ስንት ቮልት ያገኛል? ይሽከረከራል ብላችሁ ታስባላችሁ?

2. በግድግዳው ላይ ያሉት ቁልፎች ሦስት ቢሆኑ፣ ሁለቱ ለሁለት የተለያዩ የአምፖል ቡድኖች፣ አንዱ ለማራገቢያው፣ ከሳጥኑ ወደ ማብሪያው ስንት ሽቦ ይወርዳል? ወደ ማራገቢያውስ ስንት ይሄዳል?

3. የመብራቱ መመለሻ ሽቦ ከማራገቢያው ሽቦ ጋር ሳይሆን ከኒውትራልና ከመሬት ሽቦ ጋር ብቻ በአንድ ኮንዲዩት ቢሄድ የጠፋው አምፖል ያብለጨልጭ ነበር? ምክንያታችሁን አስረዱ።